ሰሊጡ ሳይረግፍ

የወገዳ፣ የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አድማጮች። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሠራተኛ መብትና በዓለም ዙሪያ ለዚህ መብት ስለሚሟገቱ ድርጅቶች ነው። «ሠራተኛ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፋብሪካና የቢሮ ሰው ነው፤ ገበሬ ደግሞ ገበሬ ነው እንላለን። ነገር ግን ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው ተዳፋት አፈሩ ታጥቧል፣ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሯል፣ ከወረዳዎቻችንም በርካታዎቹ ሴፍቲኔት ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ በዚያ የታቀፉ ናቸው። ስለዚህ ጉልበት ያለው ወጣት የዓመቱን ጎዶሎ የሚሞላው ቆላ ወርዶ ነው። ለአረም በሐምሌና በነሐሴ፣ ለአጨዳ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ፣ በወረታ፣ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ገንዳ ውኃ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ መተማና ቋራ ማሳዎች፣ አንዳንዱም እስከ ሁመራ ይዘልቃል። ይህ ሰው በቀዬው ገበሬ ነው። በሌላ ሰው ማሳ ላይ ለደመወዝ ማጭድ ካነሣበት ሰዓት ጀምሮ ግን በሕግ ፊት ሠራተኛ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ሸሚዝ ከምትሰፋው ልጅ፣ ዳካ ላይ ሱሪ ከምትሰፋው ሴት በምንም አያንስም።

ለዚህ ሰው የወጣ የአገር ሕግ አለ። ጄኔቭ ላይ የጸደቁ ስምምነቶች አሉ። በሌላ አህጉር ተቀምጠው ስለ ሠራተኛ የሚከራከሩ፣ ትርፍ የማያስቡ ድርጅቶችም አሉ። ይህ ሁሉ ከማሳው ዳር ግራር ሥር ወደሚያድረው አጫጅ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በወረቀት የሰፈረ መብት፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ ወደ ሠራተኛው እጅ የሚገባው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው። አንደኛው፣ ቃሉን ያፈረሰውን ወገን የሚያስከፍል አስገዳጅ ውል መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ያንን ውል የሚጠብቁት ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ ተደራጅተው፣ መሆናቸው ነው። ሁለቱ በሌሉበት ስፍራ የተሻለ ሕግም፣ ያማረ የምስክር ወረቀትም ሰው አላዳነም። ማስረጃውን ከሩቅ አገር ጀምረን ወደ ቀያችን እናመጣዋለን። ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1911 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል ሆነች፤ ያን ጊዜ ቅኝ በተገዛው የአፍሪካ ክፍል ሁሉ ስለ ራሱ የሚፈርም መንግሥት እምብዛም አልነበረም። ድርጅቱ መንግሥታትን፣ አሠሪዎችንና ሠራተኞችን አንድ ላይ አስቀምጦ ስምምነቶችን ያወጣል። ማስፈጸሙ ግን የየመንግሥቱ ፈንታ ነው። ኋላ ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎች ስፌታቸውን ጉልበት ርካሽ ወደሆነባቸው አገሮች እያዛወሩ ሲሄዱና ስለ ሠራተኛው አያያዝ ወቀሳ ሲበዛባቸው፣ የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ ጻፉ፤ ደንቡ መከበሩን የሚመረምር ኦዲተርም ቀጠሩ። ይህ አሠራር ያላረካቸው የአሜሪካ ተማሪዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሠራተኛ መብት ባለሙያዎች በ1992 ዓ.ም. «ወርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም» የተባለ፣ ዋና ቢሮው በዋሽንግተን የሆነ ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያ ጉዳያቸው የዩኒቨርሲቲዎቻቸው ስም የታተመበት ካናቴራና ኮፍያ በምን ሁኔታ እንደሚሰፋ ማወቅ ነበር። ይህ ድርጅት ከሚመረምራቸው የልብስ ኩባንያዎች ገንዘብ አይቀበልም። ሠራተኛውንም አለቃው ከሚያይበት የፋብሪካ ግቢ ውጭ ያነጋግረዋል፤ ያገኘውንም የፋብሪካውንና የገዢውን ስም ጠርቶ ያወጣል። ይህ የአሠራር ልዩነት ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት አንድ ዓመት ብቻ ማየት ይበቃል፤ 2005 ዓ.ም.።

እኛ አዲሱን ዓመት በተቀበልንበት ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በፓኪስታን ካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹም የተቆለፉ ስለነበሩ ከ250 በላይ ሠራተኞች ውስጥ ቀሩ። ይህ ፋብሪካ ከቃጠሎው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኤስ ኤ 8000 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ የምስክር ወረቀት አግኝቶ ነበር። ወረቀቱ የሠራተኛው ደኅንነት ተሟልቷል ይላል፤ በሩ ግን ተቆልፏል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን፣ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ፣ ራና ፕላዛ የተባለ ሕንጻ ተደረመሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ታይቶ ነበር። ሠራተኞቹ አይተውታል፤ ፈርተዋልም። በማግሥቱ ግን ግቡ ተባሉ፤ የሠራተኛ ማኅበር ስላልነበራቸው «አንገባም» የሚሉበት አንድ አፍ አልነበራቸውም። በሕንጻው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል ቀደም ሲል በኦዲተሮች የተመረመሩ ነበሩበት። ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች የሚወጣው ነገር ኦዲተር ሁሉ ሌባ ነው የሚል አይደለም። ምርመራውን የሚከፍለው ተመርማሪው ወይም ደንበኛው ሲሆን፣ ምርመራው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሲታወቅ፣ ጉድለት ሲገኝም ማንም የሚከፍለው ነገር ከሌለ፣ ሐቀኛ መርማሪም ቢሆን ከወረቀት ያለፈ ሥራ አይሠራም ማለት ነው።

ከራና ፕላዛ በኋላ የተደረገው ነገር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራትና የልብስ ኩባንያዎች ስለ እሳትና ሕንጻ ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ፤ ፈራሚ ኩባንያዎቹ ኋላ ከ200 በለጡ። ወርከር ራይትስ ኮንሶርቲየምና ሌሎች መሰል ድርጅቶች በምስክርነት ፈረሙበት። ስምምነቱ ከቀደሙት ደንቦች የሚለየው ሊያስከስስ የሚችል መሆኑ ነው። ኩባንያው ቃሉን ካጠፈ የሠራተኛ ማኅበራቱ ወደ ግልግል ዳኝነት ይወስዱታል፤ የወሰዷቸውም አሉ፤ ኩባንያዎቹም ገንዘብ ከፍለው ተስማምተዋል። ፋብሪካው ደግሞ የእሳት በሩን ካልሠራ፣ ምሰሶውን ካላጠነከረ፣ ፈራሚዎቹ ሁሉ ሥራ ይነፍጉታል። ሠራተኛም ሕይወቱን አደጋ ላይ ከሚጥል ቤት «አልገባም» የማለት መብቱ በጽሑፍ ሰፈረ። ደኅንነትን የሚመለከተው የደንብ ቃል ካራቺ ላይ ከነበረው ብዙ አይለይም ነበር፤ የተለየው ከቃሉ በስተጀርባ የቆመው ነገር ነው።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። በሌሶቶ፣ ለአሜሪካ ገበያ ጂንስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ውስጥ፣ የሥራ ውላቸው እንዲታደስላቸው ሴቶች በአለቆቻቸው ለወሲብ ይገደዱ እንደነበር ወርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም መርምሮ አረጋገጠ። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎቹን የኩባንያዎቹ ኦዲተሮች ሲመላለሱባቸው ኖረዋል፤ ይህን ግን አልደረሱበትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በሥራ ሰዓት፣ በአለቃ ፊት የምትናገር ሴት የለችምና። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ፣ የፋብሪካው ባለቤት፣ የአገሪቱ የሠራተኛና የሴቶች ማኅበራት ስምምነት ፈረሙ። ቅሬታ የሚሰማ ከፋብሪካው ነጻ የሆነ አካል ተቋቋመ፤ ፋብሪካው የዚህን አካል ውሳኔ ካልተቀበለ ትልልቆቹ ገዢዎች ትእዛዛቸውን ይቀንሳሉ።

ለእኛ ወረዳዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ታሪክ ግን የፋብሪካ አይደለም፤ የአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት የቲማቲም ለቃሚዎች ታሪክ ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ቆላ ወራጆቻችን ወቅት ተከትለው ከእርሻ ወደ እርሻ የሚሄዱ፣ አብዛኞቹም ከሜክሲኮ፣ ከጓቴማላና ከሄይቲ የመጡ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። የሚከፈላቸው በለቀሙት ባልዲ ልክ ነበር፤ ደመወዛቸው በካቦ እጅ ሲቀር፣ አንዳንዶቹም በግድ ተይዘው ሲሠሩ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኢሞካሊ በተባለች ከተማ ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። መጀመሪያ የታገሉት ከእርሻ ባለቤቶቹ ጋር ነበር፤ ውጤቱ አነስተኛ ሆነባቸው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ራሱ ዋጋ የሚቆርጡለት ታላላቅ ገዢዎች አሉበት። ይህን ሲረዱ በ1993 ዓ.ም. ቲማቲሙን ወደሚገዛው ታኮ ቤል ወደተባለው የምግብ ቤት ኩባንያ ዞሩ፤ ተማሪዎችንና አብያተ ክርስቲያናትን አስተባብረው ሸማቹ ከዚያ እንዳይበላ ቀሰቀሱ። በ1997 ዓ.ም. ኩባንያው ተስማማ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ2003 ዓ.ም. የግዛቲቱ የቲማቲም አምራቾች ማኅበር ገባበት። ገዢው በእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ሳንቲም ይጨምራል፤ ጭማሪውም ለለቃሚው በደመወዙ ላይ ይታከላል። እርሻው ጥላ፣ የመጠጥ ውኃና የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ያዘጋጃል። ለቃሚው ቀንም ሌሊትም የሚደውልበት የቅሬታ ስልክ አለው። ደንቡን የሚያስተምሩት ባለሥልጣኖች ሳይሆኑ ትናንት ባልዲ የተሸከሙ ሠራተኞች ናቸው። ሠራተኛ ያስገደደ ወይም የደፈረ እርሻ ለፈራሚዎቹ ገዢዎች ቲማቲሙን መሸጥ አይችልም። ወቅታዊ ሠራተኛ፣ ያውም በሰው አገር፣ ሊደራጅ አይችልም ለሚል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላውቅም።

አሁን ወደ አገራችን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ተመርቆ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ሰበሰበ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም በኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች ላይ ባወጣው ዘገባ፣ በሰዓት እስከ 12 የአሜሪካ ሳንቲም ዝቅ የሚል ክፍያ፣ ለጥቃቅን ጥፋት ደመወዝ መቁረጥና ሳይወዱ በግድ የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማግኘቱን ገለጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት ደግሞ የሐዋሳ ጀማሪ ስፌተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207 ዶላር እንደነበር አነጻጸረ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ርካሽ ጉልበት ባይኖረን ባለሀብቱ ለምን ይመጣል? ደመወዝ ካስጨመርን ወደ ሌላ አገር ይሄድብናል። ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ሥራ ያጣች ልጅ ያለችበት ቤት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የዚያው የስተርን ጥናት ግኝት ግን መልሱን ይዟል፦ በዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይና ምግብ መሸፈን ያልቻሉት ልጆች ሥራውን እየለቀቁ ስለሄዱ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሁሉ የመተካት ያህል አዲስ ይቀጥሩ ነበር። እጇ ሥራውን ሊለምድ ሲል የምትሄደውን ሠራተኛ ቁጥር ያበዛ ደመወዝ፣ ለባለሀብቱም ርካሽ አልሆነለትም። ርካሽ የሚመስለው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ሲታይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፈረንጅ ድርጅት ዘገባ ለፈረንጅ ፖለቲካ መሣሪያ ይሆናል የሚል ነው። ይህም ከመሬት የተነሣ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከሚሰጠው ከአጎዋ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አስወጣች፤ ትልቁ የልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤችም ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘግቷል። ሥራ ያጡት ጦርነቱን ያላወጁት ስፌተኞች ናቸው። ሆኖም ያ ቅጣት የመጣው ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ከጻፈ ድርጅት አይደለም፤ ከመንግሥት ውሳኔ ነው። ቲማቲም ለቃሚዎቹም የሌሶቶ ሴቶችም የጠየቁት ገዢው እንዲሸሽ ሳይሆን በውል ታስሮ እንዲቆይ ነው። የውጭ ድርጅትን መመዘኛችን እዚህ ላይ ቢሆን እወዳለሁ፦ ከሄደ በኋላ በሠራተኛው እጅ ምን ቀረ? ዘገባ ብቻ ከሆነ የቀረው ጥቂት ነው። የተፈረመ ውልና የቆመ ማኅበር ከሆነ ብዙ ነው።

ማኅበር ማቆም ደግሞ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች፣ የወንጂ ሸንኮራ ሠራተኞች በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስለ ደመወዛቸው የጠየቁት ሕጉ የሠራተኛ ማኅበርን ገና ሳይፈቅድ ነው። በዚያን ጊዜ በየሥራ ቦታው መሰብሰቢያ ጥላ የሆናቸው እድርና መረዳጃ ማኅበር ነበር፤ የቀብር መዋጮ ለመሰብሰብ የተቀመጡ ሰዎች ስለ ሥራቸውም ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የመጣው፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ዛሬ ኢሠማኮ የምንለው፣ የተመሠረተውም፣ ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የመደራጀት መብት ስምምነት ያጸደቀችውም በዚያው ዓመት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ደግሞ የመደራጀት መብት ያላቸውን ሲዘረዝር የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኛ ብሎ አላቆመም፤ ገበሬውን፣ የእርሻ ሠራተኛውንና ሌላውን የገጠር ሠራተኛ በስም ጠርቶ ጨምሯል። የመተማ አጫጅ በአገሪቱ የበላይ ሕግ ውስጥ ስሙ አለ።

ስሙ ካለ ታዲያ ለምን በደላላ እጅ ይወድቃል? ምክንያቱ ጉልበቱ ዋጋ ስለሌለው አይደለም፤ እንዲያውም በእርሻ ሥራ ሁሉ የአጫጅን ያህል ተፈላጊ የሚሆን ሰው ጥቂት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቆባው ራሱ ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል። ቢጫ መሆን ከጀመረ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደና ተከምሮ ሂላ ካልቆመ፣ የዓመት ልፋት ዋልካው ላይ ፈስሶ ይቀራል። ለዚህ ነው በአጨዳ ሰሞን አሠሪዎች እርስ በርስ የሚሻሙት፣ የአጨዳ ዋጋም በቀናት ውስጥ የሚንረው። ሰሊጥ ደግሞ ለአገራችን ከቡና ቀጥሎ ከሚጠቀሱት የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የመደራደር ኃይሉ ያለው በአጫጁ ዘንድ ነው። ነገር ግን አጫጁ ብቻውን ይመጣል፤ አገሩን አያውቀውም፤ የመሳፈሪያውን ተበድሮ ስለመጣ ቀን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ያንን ኃይል አንሥቶ የሚሸጠው ደላላው ነው፤ ወይም ማሳውን በሄክታር ተዋውሎ ለጭፍራዎቹ የፈቀደውን የሚያካፍለው ካቦ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ለሠራተኛው ለራሱ ወይም እሱ ለወከለው ሰው እንዲከፈል ያዛል። ሠራተኛው ሳይወክለው የሰውን ደመወዝ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ካቦ ከሕጉ ውጭ ነው፤ ግን አጫጁ ይህን የሚነግረው ሰው ሩቅ ነው፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ጥቂት፣ ማሳው ሰፊ ነው።

ሕጉ ራሱ የማይሸፍነው ቀዳዳም አለ፤ ይህን ማወቅ የአጫጅን ሕይወት ይመለከታልና በዝርዝር ልናገር። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር አለ። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በተሰነጠቀ ዋልካና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትነድፈውም በምሽትና በሌሊት፣ ማለት አጫጁ ሜዳ ላይ በሚተኛበት ሰዓት ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ምልክቱ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣው ወረርሽኝ፣ ከእነዚህ ቆላዎች ከሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ጋር መምጣቱ ይታመናል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የወራጁ ብቻ ሳይሆን እቤት የቀረው ቤተሰብም ጉዳይ ነው። በአዋጁ መሠረት አሠሪው፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ቢቆስል፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተጠያቂ ነው፤ ማጭድ ቢቆርጠው፣ መውቂያ ማሽን እጁን ቢይዘው፣ ሕክምናውም ካሳውም በአሠሪው ላይ ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ በሚለው ትርጉም ውስጥ ግን አዋጁ በአካባቢው የተለመደን ወይም የተዛመተን በሽታ አያካትትም፤ በሽታውን ለመከላከል የተቀጠሩ ባለሙያዎች ካልሆኑ በቀር። በዚህ ንባብ መተማ ላይ በካላዛር ወይም በወባ የተያዘ አጫጅ በዚያ አንቀጽ ካሳ ለመጠየቅ ይቸገራል። ይህ መሻሻል ያለበት አንቀጽ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሠሪው ሰውን በሌሊት ሜዳ ላይ የሚያሳድረው ለሥራው ሲል ነውና። እስኪሻሻል ድረስ ግን ቀዳዳውን የሚደፍነው ውል ነው። አጎበር፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ፣ ለታመመ ሰው እስከ ጤና ጣቢያ መጓጓዣ፣ ከሥራው በፊት በጽሑፍ የሚገቡ ግዴታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሕግ ዝም ባለበት ውል ይናገራል።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ተቃውሞ ይመጣል፤ እኔ በዚህ ዋጋ አላጭድም ብል ከኋላዬ መቶ ሰው አለ ይላል ወራጁ። እውነት ነው፤ ድህነት ሰውን እርስ በርሱ ያጫርተዋል። ይሁን እንጂ መቶው ሰው ከየት ነው የሚመጣው? ከአርብ ገበያ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ከወገዳ ከተማ ዙሪያ፣ ከሚተዋወቁ ቀበሌዎች ነው። ገንዳ ውኃ ላይ የሚጫረቱት ሰዎች አገር ቤት በአንድ ደቦ ያጭዳሉ፣ በአንድ እድር ይቀባበራሉ። ዋጋውን ገንዳ ውኃ ደርሶ ሳይሆን ከቀዬ ሳይነሡ መነጋገር የሚቻለው ለዚህ ነው። አራተኛው ተቃውሞ ከአሠሪው በኩል ነው፤ መተማ ላይ አሠሪው ሁሉ ባለ ሺህ ሄክታር አይደለም፤ በጥቂት ሄክታር ላይ ተበድሮ የሚያርስ ገበሬም ሰው ይቀጥራል፤ የዋጋው ጭነት ሊሰብረው ይችላል። ይህ ሚዛን የሚፈልግ ጉዳይ ነው፤ የፍሎሪዳ ለቃሚዎች ከእርሻ ባለቤቱ አልፈው ወደ ገዢው የሄዱበት ምክንያትም ይኸው ነበር። ሰሊጡን የሚገዛው ላኪና ከውጭ የሚቀበለው ኩባንያ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ የአጫጁን ድርሻ የሚጨምርበት ስምምነት በእኛ አገር አልተሞከረም፤ ኢሠማኮና የውጭዎቹ የመብት ድርጅቶች አቅማቸውን ቢያፈሱበት የምመኘው እዚህ ላይ ነው። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም አዋጁ ደንግጓል፤ ወለሉ ግን ዓመታት አልፈው ሳይቀመጥ ቆይቷልና ያንን ብቻ መጠበቅ አይበቃም።

ለዚህ ዓመት ወራጅ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። የሥራ ውል ልዩ ፎርም አይጠይቅም፤ በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ማስረጃ ግን ያስፈልጋልና አንድ ላይ የሚወርዱ ሰዎች አንድ ዓይነት ውል በሁለት ቅጂ ቢያዘጋጁ፣ የእያንዳንዱ ስም ቢሰፍርበት፣ በሄክታር ወይም በቀን የሚከፈለው ዋጋ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ምግብና ውኃ የማን እንደሆነ፣ መኝታና አጎበር፣ የታመመ ሰው መጓጓዣ ቢጻፍበት፣ በኋላ የሚያከራክር ነገር ይቀንሳል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። በአንድ እርሻ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ከ10 በታች የሆኑባቸው እርሻዎች ሠራተኞችም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። በጥቅምት መጨረሻ መከፈል የነበረበት የአጨዳ ገንዘብ አቤቱታው በሚያዝያ ውስጥ መቅረብ አለበት፤ «ለሚቀጥለው ዓመት ስትመጣ እከፍልሃለሁ» ብሎ የሸኘ አሠሪ ያንን ቀን አሳልፎበታል ማለት ነው። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሥራው የተሠራበት ወረዳ የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ማመልከትና ለማስማማት መጠየቅ ይቻላል፤ የዚያ ቀጠሮ ግን ስድስቱን ወር እንዳይበላው አመልካቹ ቀኑን ራሱ ይቁጠር።